ኮሌጅም እንደ ጤፍ ከጆንያው ሆድ ይታያል

የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ጤፍ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከሆዱ ይዘግናል፤ በመዳፉ ላይ ነስንሶ እፍ ይላል፤ አሸዋና ገለባ እንዳለበት ያጣራል። ከቢቸና የመጣ ነው ቢሉት፣ ማኛ ነው ብለው ቢምሉለት፣ ሻጩ የዓመታት ደንበኛው ቢሆን እንኳ መዝገኑን አይተውም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረት ከማንም በላይ የገባው ለነጋዴ ነው።

ይኸው ነጋዴ የልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚመጣበት ሰሞን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ልጁ «ቢዝነስ ነው የምማረው» ሲለው ደስ ይለዋል፤ ሱቁን የሚረከብ፣ መዝገቡን የሚይዝ፣ ከባንክ ጋር የሚነጋገር ሰው በቤቱ ውስጥ ሊወጣለት ነውና። ከዚያ በኋላ የኮሌጁን ስም ከጎረቤት ይሰማል፤ በአደባባዩ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ያያል፤ የመመዝገቢያውን ብር ይከፍላል። ለአንድ ኩንታል ጤፍ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለአራት ዓመት ወጪና ለልጁ ዕድሜ ሳያደርገው ይቀራል።

ለዚህ ግድየለሽነት የሚከፈለው ዋጋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እጅግ ንሯል። ምክንያቱም የከፍተኛ ትምህርት በር ዛሬ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። አንደኛው የመግቢያው 50 በመቶ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ክፍል ምደባ ነው። ሦስተኛው የመውጫ ፈተና ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚጨነቀው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ትልቁ ኪሳራ የሚመዘገበው ግን በሦስተኛው በር ላይ ነው።

የመጀመሪያው በር

ቁጥሮቹን ሁሉም ሰምቷቸዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብተው በተፈተኑበት ጊዜ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 27,267 ወይም 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። በ2017ቱ 50 በመቶን የተሻገሩት 48,929 ናቸው።

ወላጅ ይህን ሲሰማ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። አንዱ «ከመቶ ስምንት ብቻ ነው የሚያልፈው፤ የኔው ልጅ ከየት ያመጣዋል?» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ነው። ሌላው «ዕድል ነው» ብሎ እንደ ሎተሪ መጠበቅ ነው። ሁለቱም የቁጥሩን ትርጉም ስተዋል።

ለንጽጽር የአሜሪካውን ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መመልከት ይጠቅማል። ሃርቫርድ ከ100 አመልካቾቹ የሚቀበለው ከ5 ያነሱትን ነው። ቁጥሩ ከእኛው ማትሪክ ጋር ይቀራረባል፤ አሠራሩ ግን ለየቅል ነው። የሃርቫርድ ወንበር የተቆጠረ ስለሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። የእኛው 50 በመቶ ግን የተሰመረ መስመር ነው። መስመሩን የተሻገረ ሁሉ ያልፋል፤ የአንዱ ልጅ ማለፍ ሌላውን አያስቀርም። ስለዚህ «8.4 በመቶ» የአገሩ አማካይ እንጂ የአንድ ልጅ ዕድል አይደለም። የጤፍ አማካይ ዋጋ በሬዲዮ ሲነገር ነጋዴ በዚያ ዋጋ ዐይኑን ጨፍኖ አይገዛም፤ የፊቱን ጆንያ ይዘግናል። ለልጁም እንዲሁ ነው።

የልጁ ጆንያ ሆድ ያለው በክፍል ውጤት ካርዱ ላይ አይደለም። የካርድ ውጤት አንዳንድ ጊዜ ከጆንያው አፍ ላይ እንደሚጨመር ምርጥ ፍሬ ነው። እውነተኛው ናሙና በሰዓት ተገድቦ፣ መጽሐፍና ስልክ ሳይኖር፣ ካለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተወስዶ የተሠራ ሞዴል ፈተና ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ፈትኖ ውጤቱን ማየት ለወላጅ ከባድ አይደለም። ሦስቱም ጊዜ ከ55 በላይ ያመጣ ልጅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢመኝ አይፈረድበትም። በ45 እና በ50 መካከል የሚዋልል ልጅ ምኞቱን ትቶ ደካማ የሆነበትን አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ቢያነሳ ይሻለዋል። ከ40 በታች ለሚያመጣው ደግሞ ገና ከአሁኑ ሌላ መንገድ አብሮ መታሰብ አለበት።

ቀጥሎ የሚታየው ትምህርት ቤቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ይህን ጠይቆ መልስ ያላገኘ ወላጅ መልሱን አግኝቷል ማለት ነው።

በጎጃም ሌላም ሒሳብ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቆየው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም የፈተና ወረፋቸው አልፏቸዋል። ከደብረ ማርቆስ ከተማ ይልቅ የገጠሩ ወረዳ ልጅ የበለጠ ተጎድቷል። እንዲህ ላለው ልጅ የባከነውን ዓመት እያነሱ ማዘን ብቻ አይበጀውም፤ ያልተማራቸውን ምዕራፎች አንድ በአንድ መቁጠር ነው የሚበጀው። ሒሳብ ላይ ስድስት ምዕራፍ የጎደለው ልጅ የጎደለው ስድስት ምዕራፍ እንጂ አእምሮ አይደለም። ነጋዴ እንደሚያደርገው ጉድለቱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር የሚሞላበት ቀንም ይታወቃል።

50 በመቶ ላልሞላላቸው፣ ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ላገኙ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሬሜዲያል ትምህርት ተዘጋጅቷል። ጥቂት ወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ። ይህ ሁለተኛ ዕድል ነው፤ የጎን በር ግን አይደለም። «ሬሜዲያል ከገባ አለቀ» ብሎ የሚያገበያይ ሰው ካለ ከእሱ መራቅ ነው።

ሁለተኛው በር

50 በመቶ ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ቢዝነስ ገባ ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት እንደገና የፍሬሽማን ዓመት ሆኗል። ተማሪው የጋራ ትምህርቶችን ይወስድና የትምህርት ክፍሉ የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ ባመጣው ውጤትና ባለው ቦታ መጠን ነው። እንደ አካውንቲንግ ያለ ብዙ ፈላጊ ያለው ክፍል ሲሞላ የቀረው ተማሪ ወዳልተመኘው ክፍል ይሄዳል። አባት «ልጄ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ብሎ ጠላ ባስጠመቀ በዓመቱ ልጁ ከንግድ ጋር በማይገናኝ ክፍል ተቀምጦ ይገኛል።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ በብዛት የሚስበው ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ነው። 52 በመቶ ያመጣ ልጅ እዚያ ሲሄድ ከወረፋው ጫፍ ይቆማል። ይኸው ልጅ ፉክክሩ በቀለለበት ቦታ የሚፈልገውን ክፍል የማግኘት ተስፋው ከፍ ይላል። ለነጋዴ ልጅ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የክፍሉ ስም ይበልጥበታል።

የጎጃም ሰው በዚህ ረገድ አማራጭ አላጣም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ትምህርት በደጅ አለ። ባሕር ዳርና እንጅባራም ሩቅ አይደሉም። አዲስ አበባ ግን በዓባይ በረሃ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱ ሁኔታና የቤት ኪራዩ በሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

ስለ አዲስ አበባ ከተነሳ አንድ የቆየ ግምት መታረም አለበት። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሰዉ በአጭሩ «ኮሜርስ» የሚለውን፣ የድሮ ሰዎች በአድናቆት ያስታውሱታል። የኮሜርስ ዲፕሎማ ባንክ ቤት ያስቀጥር የነበረበት ዘመን ነበር። ዛሬ ኮሜርስን ያቀፈው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ራስ ገዝ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾችንም በራሱ የመግቢያ ፈተና መመዘን ጀምሯል። ስለዚህ አዲስ አበባን የሚመኝ ልጅ ከማትሪኩ ሌላ ተጨማሪ ፈተና እንደሚጠብቀው አውቆ አስቀድሞ ይዘጋጅ። የማትሪክ ውጤት እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ልጅ ዘግይቷል።

ሦስተኛው በር

አሁን ወደ ትልቁ ኪሳራ እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም፣ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ፈተና ውጤት ለገበያ ሰው ብዙ ይናገራል። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ 62.37 በመቶ ማለት ነው። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17.2 በመቶ።

ይህን በብር እንመንዝረው። አንድ ቤተሰብ ለአራት ዓመት የኮሌጅ ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ መጓጓዣና ቀለብ በድምሩ 200 ሺህ ብር አወጣ እንበል። ከመቶ 17 ብቻ በሚያልፉበት ቤት መቶው ቤተሰብ ያፈሰሰው ገንዘብ ለተገኘው ዲግሪ ሲካፈል አንዱ ዲግሪ ከ1 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር በላይ ወጥቶበታል። ከመቶ 62 በሚያልፉበት ቤት ግን ይኸው ወጪ ለአንድ ዲግሪ 320 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። በር ላይ ርካሽ የነበረው ትምህርት መውጫው ላይ በሦስት ተኩል እጥፍ ተወደደ።

በርግጥ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛን አይዛባም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሲጀመር የተሻለ ውጤት ያላቸውን ልጆች ነው የሚወስዱት፤ ልዩነቱ ሁሉ የማስተማር ልዩነት ነው ማለት አይቻልም። የወደቀም በሌላ ዙር እንደገና መፈተን ይችላል። ከዚህም በላይ 17.2 በመቶ አማካይ ነው። በአማካዩ ውስጥ ተማሪዎቻቸውን በብዛት ያሳለፉ የግል ኮሌጆችም፣ አንድም ያላሳለፉም ሊኖሩ ይችላሉ። ጥሩው ኮሌጅ በመጥፎው ስም መታማት የለበትም፤ መጥፎውም በጥሩው ጥላ ሥር መደበቅ የለበትም። መዝገን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የወጪው አከፋፈልም ይለያያል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል ገብቶ ይማራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። የግል ኮሌጅ ተማሪ ወላጅ ግን የሚከፍለው አስቀድሞ፣ በጥሬ ብር፣ ከሱቁ ካፒታል ላይ እየቀነሰ ነው። ከሱቅ የወጣ ብር ደግሞ ሸቀጥ ሳይገዛ፣ ትርፍ ሳያመጣ አራት ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ የግል ኮሌጅ የሚመርጥ ወላጅ ከሌላው ይበልጥ መጠየቅ አለበት።

በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ለመጠየቅም ዲግሪ አያስፈልጋቸውም። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ ነው። አዲስ አበባ ላይ በአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ደብረ ማርቆስ በከፈተው ቅርንጫፍ ለማኔጅመንት ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። የቀን፣ የማታና የርቀት ትምህርቱም ለየብቻ ይጠየቃል። ወረቀቱን አይቶ ቀኑን ማንበብ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ እንዳልታደሰ ንግድ ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «በዚህ ካምፓስ፣ በዚህ ትምህርት ክፍል፣ ባለፉት የመውጫ ፈተናዎች ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመዝገብ ሹሙ የመላውን ኮሌጅ ቁጥር ቢሰጥ አይበቃም። «ጎበዞች ናቸው» ቢል አይበቃም። ያለፉትን ብቻ ነግሮ የተፈተኑትን ካልተናገረ ደግሞ ያው ከጆንያው አፍ ላይ ማሳየቱ ነው።

ሦስተኛው መምህራኑ ናቸው። ስንቱ ቋሚ ናቸው? ስንቱ ከሌላ ቦታ እየመጡ በሰዓት የሚያስተምሩ ናቸው? አራተኛው ተግባር ነው። ተማሪው በሒሳብ ሶፍትዌር ይሠራል ወይስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ዴቢትና ክሬዲት ይማራል? ለልምምድ ባንክ፣ ዩኒየን ወይም ሒሳብ አዋቂ ቢሮ ይላካል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቆ ሦስቱን ያልመለሰ ኮሌጅ የገጠመው ወላጅ ብሩን ኪሱ ውስጥ መልሶ ቢሄድ ነውር የለበትም። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ ጠያቂ የሌለበት ደጅ ላይ ነው እንዲህ ያለው ንግድ የሚደራው።

ዲግሪው ለምን ይፈለጋል?

«አባቱ ያለ ዲግሪ ሀብት አፍርቷል፤ ልጁ ምን በወጣው?» የሚል ክርክር በየሱቁ ይሰማል። ክርክሩ መሠረት አለው። ጤፍ ለመለየት፣ ደንበኛ ለመያዝ፣ የገበያውን ትኩሳት ለማሽተት ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ገበያው ራሱ ግን የአባትየው ገበያ ሆኖ አልቀረም። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ወደ አገሩ ገብተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የባንክ ሥራ አዋጅ ጸድቋል፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። አክሲዮን የሚያሻሽጥ ደላላ ዛሬ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያ ነው። የኩባንያን ሒሳብ ማንበብ የሚችል ሰው በዚህ ሁሉ ቦታ ይፈለጋል። የሚፈለገው ግን ማንበብ የሚችለው ነው፤ ወረቀቱን ብቻ የያዘው አይደለም።

ስለዚህ ቁጥር የሚወድ፣ ትዕግሥት ያለው ልጅ አካውንቲንግና ፋይናንስ ቢሄድ ያተርፋል። ገበያው ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያብሰለስለው ኢኮኖሚክስ ይስማማዋል። ሰው ማስተባበር የሚችለው ማኔጅመንት፣ መሸጥ የሚሆንለት ማርኬቲንግ ይማር። ሞዴል ፈተናው ደጋግሞ ከ40 በታች የሆነበት ልጅ ደግሞ በፖሊቴክኒክ ኮሌጅ በደረጃ ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ፣ ቀን ሱቅ ቢውል ከስሮ አይባልም። ሁለት ዓመት ተምሮ የሱቁን መዝገብ በትክክል የሚይዝ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ መውጫው ላይ ከቀረው ይልቅ ለቤቱ ይጠቅማል።

ውጭ አገር የሚመኝም አለ። ሃርቫርድን የመሰሉ ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉትን ችሎታ ያለው የድሃ ልጅ ሙሉ ወጪ ሊሸፍኑ ይችላሉ። የማመልከቻው መንገድ ግን በዩኒቨርሲቲው በራሱ በኩል ነው፤ «እኔ አስገባዋለሁ» ብሎ ቀብድ በሚቀበል ሰው በኩል አይደለም። እንዲህ ያለው ዕድል ቢሞከር መልካም ነው፤ የቤቱ ዕቅድ ሁሉ ግን በእሱ ላይ አይንጠለጠልም።

የነጋዴው ድርሻ

አንድ ወላጅ ብቻውን ቆሞ ሲጠይቅ የመዝገብ ሹሙ ሊያልፈው ይችላል። የደብረ ማርቆስ ነጋዴዎች ግን በእድርም በንግድ ማኅበርም የተሰባሰቡ ናቸው። የጤፍ ዋጋ ሲዛባ አንድ ላይ የሚጮኹ ሰዎች ለልጆቻቸው ትምህርት አንድ ላይ ቢጠይቁ የሚከለክላቸው የለም። ጥያቄውም አንድና ግልጽ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም ኮሌጅ፣ የግልም የመንግሥትም፣ በመመዝገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በየትምህርት ክፍሉ ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ይለጥፍ። ጥሩው ኮሌጅ ይህን ለመለጠፍ አያፍርም፤ እንዲያውም ከማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ማስታወቂያው ይሆናል።

ያ እስኪሆን ድረስ ወላጅ የራሱን እጅ መጠቀም አለበት። ጤፉ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ነጋዴ አንድ ጆንያ ይከስራል፤ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ይገዛል። የልጅ አራት ዓመት ግን በሌላ ገበያ አይገዛም።